ሁለት ዳሚጃን፣ አንድ ሺራዝ፦ ልዩነቱ የአፈሩ ነው ወይስ የእኔ?

ሐረጎ ሥር | ሰኔ 9

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። እንጀራዬ ሌላ ነው፤ ወይኑ አመል ሆኖብኝ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡና አፍሉና አንብቡት።

ሁለት ቦታ ወይን አለኝ። አንዱ ታች ቦርከና አጠገብ፣ የእናቴ ጓሮ ውስጥ ነው። 18 ግንድ። አፈሩ ጥቁር ዋልካ። ሌላው ወደ ደሴ ሲወጣ የሐረጎ ዳገት ላይ፣ አጎቴ "ፍየል እንኳ የማይበላበት" ብሎ የሰጠኝ ጭንጫ መሬት ነው። 22 ግንድ። ዶማ ስታሳርፍበት እሳት ይረጫል። ሁሉም ሺራዝ የሚባለው የቀይ ወይን ዝርያ ናቸው። ከአንድ ወዳጄ ወይን በአንድ ቀን ተቆርጠው የተተከሉ፣ ዘንድሮ አምስት ዓመታቸው።

መስከረም መጨረሻ ገረዝኳቸው፤ የካቲት 14 ሁለቱንም በአንድ ቀን ለቀምኩ። ለየብቻ ጨፈለቅኩ፣ ለየብቻ አፈላሁ። እርሾው አንድ፣ ዳሚጃኑ (ወይኑ የሚቀመጥበት ትልቁ ጠርሙስ) አንድ ዓይነት፣ 20 ሊትር የሚይዝ። በርሜል የለም፣ እንጨት አልነካውም።

ባለፈው እሁድ ቀመስኳቸው። የታችኛው ቀለሙ ሳሳ ብሏል። ለስላሳ ነው፣ ፕሪም ፕሪም ይላል፣ ግን ምላስ ላይ ተኝቶ ይቀራል። ሕይወት የለውም። የላይኛው ጥቁር ነው ብል ይቀለኛል። ድድ ያኮማትራል። ደግሞ ቁንዶ በርበሬ ይሸታል! እውነቴን ነው። ባለቤቴ ግን አሽትታ "ምንም የለውም፣ አንተ ወጥ አምሮህ ነው" አለችኝ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ይሄ ሁሉ ልዩነት የአፈሩ ነው? የጭንጫው ድንጋይ ጣዕም ነው ብርጭቆዬ ውስጥ የገባው? ከሆነ የታችኛውን ነቅዬ ሁሉንም ላይ ልወስደው ነው።

ቁንዶ | ሰኔ 9

በስሜ ምክንያት ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከተኛል። የላይኛውን ዳሚጃን ለምርመራ ላክልኝ። አፈሩን ተወው።

አራዳ 25 | ሰኔ 10

ኮምቦልቻን በቢራ ነበር የማውቃት፤ ዛሬ ደግሞ ሺራዝ 😄

ለጥያቄህ ግን አትጠራጠር፣ አፈር ነው። ጤፍ እንኳ ዋልካ ላይና ቀይ አፈር ላይ አንድ አይደለም። የላስታ ማር ነጭ የሆነው በምንድን ነው? በአፈሩ አይደለም እንዴ?

ሸክላ ፈጪ | ሰኔ 10

አራዳ፣ የላስታ ማር ነጭ የሆነው በአበባው ነው። ንቧ አፈር አትልስም። አፈሩና አየሩ የትኛው አበባ የት እንደሚበቅል ወሰኑ፣ አበባው ማሩን ወሰነ። ምሳሌህ ጥሩ ነው፣ ግን ለእኔ ነው የሚመሰክረው።

ወይንም እንደዚያው ነው። ሥር ድንጋይ አይበላም። ውሃ ይጠጣል፣ ውሃው ውስጥ የሟሟ ጥቂት ማዕድን አብሮ ይገባል። ያም ወደ ፍሬው የሚደርሰው ጣዕም በማይሰጥ መጠን ነው። አሌክስ ማልትማን የሚባል የዌልስ ጂኦሎጂስት ይህን ነገር ለዓመታት ሲጽፍበት ኖሯል። ድንጋይ ሽታ የለውም፣ ጣዕምም የለውም፤ "የድንጋይ ጣዕም" የምንለው የእኛ አነጋገር ነው፣ ባይ ነው። ዝናብ የመታው ድንጋይ የሚሸተን ላዩ ላይ ያረፈው ዘይትና ሕዋስ ነው።

ታዲያ አፈር ምን ይሠራል? ውሃ ይሰጣል፣ ውሃ ይከለክላል። በዚህ ጉዳይ ፈረንሳይ አገር የቦርዶው ተመራማሪ ዠራር ሴጋን ከ1960ዎቹ (በፈረንጅ) ጀምሮ ትልልቆቹን የወይን ቦታዎች እየቆፈረ አይቷል። ጠጠር አለ፣ ሸክላ አለ፣ ኖራ ድንጋይ አለ። አንድ የሚያደርጋቸው ኬሚካል አላገኘም። ያገኘው ሁሉም ውሃን በልክ እየመጠኑ የሚሰጡ መሆናቸውን ነው። ሥር ሳይሰጥም፣ ሳይደርቅም።

ፍሬው መብሰል ሲጀምር ግንዱ ትንሽ ከጠማው ቅጠል ማብዛቱን ያቆማል። ፍሬው ያንሳል። ፍሬ ሲያንስ ከጭማቂው ይልቅ ልጣጩ ይበዛል። ቀለሙም፣ የሚያኮማትረው ታኒንም ያለው ልጣጩ ላይ ነው። የአንተ ጭንጫ ይህን ነው ያደረገልህ ብዬ እገምታለሁ።

ግን ግምት ነው፤ ምክንያቱም ሙከራህ የተበላሸ ነው። አትቀየመኝ። አንደኛ፣ የላይኛው ስንት ሜትር ከፍ ይላል? በየ100 ሜትሩ 0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ሁለተኛ፣ በአንድ ቀን ለቀምኩ ብለህ እንደ ጥሩ ነገር ነገርከን። በአንድ ቀን ደርሰው ነበር ወይ? ሦስተኛ፣ ከእያንዳንዱ ግንድ ስንት ኪሎ አወረድክ?

አደላይድ ያለችው | ሰኔ 11

ውይ ቁንዶ በርበሬ! እኔ የሆጤ ልጅ ነኝ፣ አሁን የምኖረው አደላይድ ነው። ሁለት ዓመት በለቀማ ወቅት ባሮሳ የሚባለው የወይን አካባቢ ሠርቻለሁ። ስለ ቁንዶ በርበሬው አልተሳሳትክም፤ ባለቤትህም አልተሳሳተችም።

ሺራዝ ውስጥ ሮተንዶን የሚባል ነገር አለ። እዚሁ አደላይድ ያለው የአውስትራሊያ የወይን ምርምር ተቋም ሰዎች ናቸው በፈረንጆቹ 2008 ይፋ ያደረጉት። የሚገርመው ራሱ ቁንዶ በርበሬው ውስጥ ያለው ያው ነው። ቁንዶ በርበሬ የሚመስል ሽታ አይደለም፣ ራሱ ነው። በአንድ ሊትር ቀይ ወይን ውስጥ 16 ናኖግራም ካለ አፍንጫ ያገኘዋል። ናኖግራም ማለት የግራም ቢሊዮንኛ ነው፣ እንግዲህ አስቡት። ከአምስት ሰው አንዱ ግን ቢበዛም አይሸተውም። ተፈጥሮው ነው። ባለቤትህ ከዚያ ወገን ልትሆን ትችላለች፣ ይቅርታ ጠይቃት።

ሮተንዶን ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይወዳል። ባሮሳ ሸለቆ ውስጥ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ወይኑ ወፍራም፣ ጣፋጭ ጣፋጭ የሚል፣ ፕሪምና ቅርንፉድ ነው። ከዚያ ወደ ኤደን ሸለቆ ትወጣለህ፣ ከፍ ያለ ነው። ያው ሺራዝ ይቀጥናል፣ ቁንዶ በርበሬው ብቅ ይላል። ከኮምቦልቻ ደሴ እንደመውጣት በለው፤ ጃኬት ታነሳለህ።

ሐረጎ ሥር | ሰኔ 11

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለባለቤቴ አነበብኩላት። "አየህ" ብላ ወጣች። 

ሸክላ ፈጪ፣ አልተቀየምኩም (ትንሽ ነው)። መልሱ ይኸው። የታችኛው 1,850 ሜትር አካባቢ ነው። የላይኛው 2,100 ይሆናል። የታችኛው በግንድ 4 ኪሎ ሰጠኝ፣ ከዳሚጃኑ የተረፈውን የሰፈር ልጆች ጨረሱት። የላይኛው በግንድ 1.4 ኪሎ፣ ሁሉም ተጨፍልቆ ዳሚጃኗን ለጥቂት ሞላት። በለቀማው ቀን ስኳሩ ታች 20 ብሪክስ፣ ላይ 24 ነበር። ፒኤች (የጉምዛዜው መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ይጎመዝዛል) የለካሁት ቆይቼ ነው፣ ጓደኛዬ ከሥራው መለኪያ አውሶኝ። የላይኛው 3.6፣ የታችኛው 3.95።

ሸክላ ፈጪ | ሰኔ 11

እንግዲህ ግማሹ ጥያቄ ተመለሰ። 20 ብሪክስ ማለት ያልበሰለ ወይን ማለት ነው። 11 ከግማሽ ገደማ አልኮል ቢወጣው ነው። የላይኛው 13 ከግማሽ ያልፋል። ሁለት አፈር አላወዳደርክም፤ ጥሬና ብስል ነው ያወዳደርከው።

ግን አንድ ነገር ልብ በል። ቅዝቃዜው ብቻ ቢሆን ኖሮ ኋላ የሚቀረው የላይኛው ነበር። ከፍ ያለው ቀድሞ ደረሰ። ይህን ያደረገው ወይ ጥቂት ዘለላ መያዙ ነው፣ ወይ ጥሙ፣ ወይ ሁለቱም። ሁለቱም ደግሞ ዞረው አፈሩ ጋ ይመጣሉ። ዋልካው ግንዱን አብልቶ አጠጥቶ ቅጠል ብቻ አስመረተው። ጥላ ውስጥ የተንጠለጠለ ዘለላ ነው የለቀምከው፤ እርግጠኛ ነኝ።

ያልገባኝ ግን ፒኤቹ ነው። ፍሬ በበሰለ ቁጥር ፒኤች ከፍ ይላል። ጥሬው ዝቅ ማለት ሲገባው 3.95? አንድ ቦታ ፖታሲየም አለ። ሺራዝ ፖታሲየም ሲያገኝ ይስገበገባል፤ ፖታሲየም ሲበዛ ጉምዛዜው ይሞታል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል። "ሕይወት የለውም" ያልከው እሱን ሳይሆን አይቀርም። ማዳበሪያ ምን ትሰጠዋለህ?

ሐረጎ ሥር | ሰኔ 12

ምንም አልሰጥም። ፍግ እንኳ አላደረግኩም።

ሸክላ ፈጪ | ሰኔ 12

እናትህስ?

ሐረጎ ሥር | ሰኔ 12

አሁን ደውዬ ጠየቅኳት። አመድ!!! በየቀኑ ከምድጃ እየዛቀች የወይኑ ሥር ትደፋለች። "ለወይን ጥሩ ነው፣ አባትህም ያደርግ ነበር" አለችኝ። አምስት ዓመት ሙሉ።

ቁንዶ | ሰኔ 12

ምስጢሩ ተፈታ፤ ጥፋተኛዋ እናት ናቸው። መዝገቡ ይዘጋ፣ ማስረጃው በጠርሙስ ይላክልኝ።

ሸክላ ፈጪ | ሰኔ 12

እናት አይወቀሱም፤ ለጎመንና ለዱባ ቢሆን አበጁ ነው። አመድ ፖታሲየሙ ብዙ ነው፣ ኮምጣጣ አፈርንም ያለዝባል። ለወይን ጠጅ ነው የማይሆነው። ደግሞ ዋልካ ፖታሲየምን ይዞ አይለቅም፤ ዛሬ ብትተው ዓመታት ይወስዳል። እስከዚያው ሲጨፈለቅ ታርታሪክ አሲድ ይጨመራል፣ የወይን የራሱ አሲድ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ የዘወትር ሥራ ነው፤ አደላይድ ትመስክር።

አደላይድ ያለችው | ሰኔ 13

እመሰክራለሁ። በከረጢት ነው የሚመጣው።

የሐርቡ አባ | ሰኔ 14

አሰላሙ አለይኩም። የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። እኔ ወይን ጠጁን አልጠጣም፣ በእኛ አይፈቀድም። ወይኑን ግን ለፍሬው ተክዬ እሸጣለሁ፣ ሃያ ዓመት አልፎኛል። የጻፋችሁትን ስታነብልኝ ሰማሁ።

ልጄ፣ ዋልካን እኔ ልንገርህ። ዋልካ በክረምት አይለቅህም፣ በበጋ አይቀበልህም። ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ስንጥቁ ሲከፈት የወይኑን ቀጫጭን ሥር ይበጥሰዋል። ስለዚህ ወይኑ ሥሩን ወደታች አይሰድም፣ ላይ ላዩን ይሮጣል። ውሃ ሲመጣ ሰክሮ ይጠጣል። ውሃ ሲሄድ ይደነግጣል። እንደዚህ ያለ ወይን ፍሬው ትልቅ ነው፣ ለገበያ ደስ ይላል፣ ጣዕሙ ግን ውሃ ነው። እኔ ስለዚህ ከዳር ያለውን ጠጠራም ቦታ ለቤተሰብ ነው የማስቀምጠው።

ከመንቀልህ በፊት ግን ቆፍር። ከላይ አይተህ አፈር አወቅኩ አትበል።

ሐረጎ ሥር | ሰኔ 14

ወአለይኩም ሰላም አባ። እሺ፣ እቆፍራለሁ። ለጸሐፊዋም ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

አራዳ 25 | ሰኔ 15

እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ፈረንጆቹ ለአፈር አይደል እንዴ ያን ሁሉ ብር የሚከፍሉት? አንዱ ማሳ ከጎኑ ካለው ማሳ በእጥፍ ይሸጣል።

አደላይድ ያለችው | ሰኔ 16

ሁለቱም ወገን ምስክር አለው። ሂል ኦፍ ግሬስ የሚባል የኤደን ሸለቆ ሺራዝ አለ። ከአንድ ማሳ ብቻ ነው የሚመጣው፤ ከ1958 ጀምሮ በዚያ ስም ይወጣል፣ አሮጌዎቹ ግንዶች ከተተከሉ ከ150 ዓመት በላይ ነው። በሌላ በኩል ማክስ ሹበርት የሚባል ወይን ጠማቂ በ1951 የጀመረው ግሬንጅ አለ። እሱ ደግሞ ከብዙ አካባቢ የተሰበሰበ ሺራዝ ቅልቅል ነው፤ ማሳው በየዓመቱ ይለያያል። ሁለቱም ዋጋቸው ጣሪያ ነው። አፈር ሁሉም ነገር ቢሆን ግሬንጅ ባልተወለደ። አፈር ምንም ባይሆን ደግሞ የሂል ኦፍ ግሬስን ግንዶች እንደዚያ በዓይነ ቁራኛ ባልጠበቋቸው።

ፈረንሳይ ሮን ወንዝ ላይ ኤርሚታዥ የሚባል አንድ ኮረብታ አለ። ከ140 ሄክታር አይበልጥም፤ የሺራዝ እናት ቤት በሉት፣ እነሱ ሲራ ይሉታል። አንዱ ጎኑ ግራናይት ነው፣ ሌላው ወንዝ ያመጣው ድንጋይና ጠጠር፣ ሌላው ኖራ ያለው። ከግራናይቱ ጠንካራና ቀጥ ያለ ወይን፣ ከጠጠሩ ሞቅ ያለና ወፍራም ወይን ይመጣል ይላሉ። ብዙዎቹ አሮጌ ቤቶች ግን ከየጎኑ ወስደው ይቀላቅሉታል።

በነገራችን ላይ ሺራዝ የሚለውን ስም አይታችሁ ከኢራን መጣ የምትሉ ካላችሁ፣ አይደለም። በ1998 በዘር ምርመራ ወላጆቹ ተገኝተዋል፤ ሁለቱም የፈረንሳይ ወይኖች ናቸው።

ዝዋይ ያደግኩ | ሰኔ 16

የእኛን አገር ረሳችሁት እኮ። ካስቴል ዝዋይ ላይ በ2000 ዎቹ መጀመሪያ (በእኛ አቆጣጠር) ሲተክል ሲራ ከአራቱ ዋና ዋና ዝርያዎች አንዱ ነበር። አፈሩ አሸዋማ ነው። ጠዋት ያጠጡት ውሃ ከሰዓት የለም። ስለዚህ ውሃውን የሚመጥነው አፈሩ ሳይሆን ሰውዬው ነው፤ በጠብታ። ሸክላ ፈጪ ውሃ ነው ያለው ልክ ነው። አሸዋ ላይ ቧንቧው እጅህ ላይ ነው፤ ዋልካ ላይ ክረምቱ የሰጠህን መመለስ አትችልም።

ደግሞ አሸዋ ሌላ ጥቅም አለው፤ ፊሎክሴራ የምትባለዋ ሥር የምትበላ ቅማል አሸዋ አትወድም።

ኮከቤ | ሰኔ 17

ችግኝ የት ይገኛል? ደሴ ሸዋበር አካባቢ ነኝ። ግቢዬ ሁለት በሦስት ነው።

ቁንዶ | ሰኔ 17

ሁለት በሦስት ላይ ኤርሚታዥ 😂

ሸክላ ፈጪ | ሰኔ 18

ኮከቤ፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። ሺራዝ እዚያ ይበቅላል፣ መብሰሉን ግን እንጃ። ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ካለሽ ሞክሪ።

ሐረጎ፣ ስትቆፍር እንዲህ አድርግ። ጉድጓዱ እስከ አንድ ሜትር ይድረስ፤ ሥሩ እስከ የት እንደወረደ እይ። ከየጉድጓዱ ጭብጥ አፈር ውሰድ፣ ክዳን ባለው የመስታወት ዕቃ ሲሶውን ሙላ፣ ውሃና ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምረህ በደንብ ናጥ። አሸዋው በደቂቃ ይወርዳል፣ ደለሉ በሰዓታት፣ ሸክላው አንድ ቀንም ሊቆይብህ ይችላል። ከዚያ ሽፋኑን በማስመሪያ ለካ። ጉድጓዱን ውሃ ሙላና ምን ያህል እንደሚቆይ ሰዓት ያዝ። ሎሚ ጭመቅበት፤ ከተንፏፏ ኖራ አለው ማለት ነው።

ሐረጎ ሥር | ሐምሌ 2

ቆፈርኩ። ክረምቱ ሳይጠና ብዬ ቸኮልኩ፣ ወገቤን ይዤ ነው የምጽፈው።

ታች። አንድ ሜትር ሙሉ ጥቁር፣ አንድ ወጥ። ሥሩ አብዛኛው ከላይ 35 ሳንቲ ውስጥ ነው። አባ ልክ ነበሩ፤ የተበጣጠሱ ጫፎች አይቻለሁ። የሞላሁት ውሃ አድሮም ሁለት ጣት ቀርቶ ነበር። ብልቃጡ ውስጥ ከግማሽ በላይ ሸክላ።

ላይ። 25 ሳንቲ ቀላ ያለ አፈር ከድንጋይ ጋር፣ ከዚያ በታች የላሸቀ ዓለት። ሥሩ በዓለቱ ስንጥቅ እየተሹለከለከ 90 ሳንቲ ወርዷል! አንዱ ሥር የስልክ ቻርጀር ገመድ ይመስላል። ውሃው በ40 ደቂቃ ጠፋ። ሎሚ ሁለቱም ጋ ጸጥ ነው።

አሁን የገረመኝን ልንገራችሁ። ታች ጉድጓዱ ውስጥ ያገኘኋትን አንድ ድንጋይና የላይኛውን ዓለት አጠገብ ላጠገብ አስቀምጬ አየሁ። አንድ ዓይነት ጥቁር ድንጋይ ነው።

ሸክላ ፈጪ | ሐምሌ 2

ባዛልት ነዋ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ እሳተ ገሞራ ነው፣ የደሴዎቹ ተራሮች ጦሳም አዝዋ ገደልም የዚያው ልጆች ናቸው። ላይ ዓለቱ እዚያው እየላሸቀ ነው። ታች ዝናብና ቦርከና ለዘመናት አጥበው ያወረዱት፣ እዚያ ተኝቶ ሸክላ የሆነው ነው። እናታቸው አንድ ናት።

ስለዚህ "የድንጋይ ጣዕም ነው ወይ?" ላልከው መልሱን ራስህ ቆፍረህ አገኘኸው። ድንጋዩ አንድ ሆኖ ወይኑ ከተለየ፣ የለየው ውሃው የሚቆይበት ጊዜ ነው፤ አመዱን ሳንረሳ።

አራዳ 25 | ሐምሌ 3

እሺ፣ ይቺን ተቀበልኩ። ግን አፈር ነው ያልኩት እኮ አልተሳሳትኩም!

ሸክላ ፈጪ | ሐምሌ 3

አልተሳሳትክም። በትክክለኛ መልስ በተሳሳተ ምክንያት ግማሽ ማርክ ይሰጥሃል።

የሐርቡ አባ | ሐምሌ 4

ታችኛውን አትንቀለው ልጄ። አምስት ዓመት ያበላኸውን ማን ይነቅላል። በመስመሮቹ መሐል ገብስ ዝራበት፣ የክረምቱን ውሃ ይጠጣልሃል። ዘለላውን ገና እንደ ሽምብራ ሳለ ግማሹን ጣለው። ስትጥል ያምሃል፣ አብሽር።

ሐረጎ ሥር | ሐምሌ 4

እሺ አባ። አመዱንም ለጎመኑ አዙረናል። እናቴ ደስ አላላትም።

(ይህ ውይይት ለአንድ ዓመት ያህል ምንም አልተጻፈበትም።)

ሐረጎ ሥር | ሐምሌ 6

ሰላም ናችሁ ወይ? የሞትኩ መስሏችኋል። ቃሌን ጠብቄ መጣሁ።

ዘንድሮ ያደረግኩት። ታች በመስመሮቹ መሐል ገብስ ዘራሁ። ከየግንዱ ግማሽ ዘለላ ቆርጬ ጣልኩ፤ አባ እንዳሉት አመመኝ፣ እናቴን ከቤት አስወጥቼ ነው የጣልኩት። ዘለላዎቹን የሸፈነውን ቅጠልም አነሳሁ። በአንድ ቀን አልለቀምኩም፤ ሁለቱም 23 ከግማሽ ብሪክስ ሲሞሉ ለቀምኩ። የላይኛው የካቲት 12 ደረሰ። የታችኛው እስከ የካቲት 30 ጠበቀኝ፣ መሐል ላይ ደግሞ የበልግ ዝናብ አንድ ሌሊት ጣለበት። (ሸክላ ፈጪ፣ አውቃለሁ፣ ይሄም ሙከራ ተበላሽቷል።)

የታችኛው ፒኤች 3.95 የነበረው ካለፈው በስሎ እንኳ 3.85 ሆነ። ታርታሪክ ሆን ብዬ አልጨመርኩም፣ ልዩነቱን ለማየት። የላይኛው 3.65።

ባለፈው ቅዳሜ ስድስት ሰው ጠርቼ አስቀመስኩ። ለእያንዳንዱ ሦስት ብርጭቆ፤ ሁለቱ አንድ፣ ሦስተኛው ሌላ። ብርጭቆዎቹን በጨርቅ ሸፍኜ፣ ባለቤቴ ናት የቀዳችው፣ እኔም አላውቅም ነበር። "የተለየው የቱ ነው?" ነው ጥያቄው። አራቱ አገኙት።

ሸክላ ፈጪ | ሐምሌ 6

በዕድል ቢሆን ከስድስቱ ሁለቱ ናቸው የሚያገኙት። አራት ጥሩ ነው። ስድስት ሰው ግን ጥቂት ነው፣ በዚህ አትማልበት። ጣዕሙስ?

ሐረጎ ሥር | ሐምሌ 6

ልዩነቱ ጠቧል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አምና ሰማይና ምድር ነበሩ፤ ዘንድሮ ወንድማማች ናቸው። የታችኛው ቀለም አውጥቷል፣ ፕሪሙ አለ፣ ትንሽ ቅርንፉድ መጥቷል። አሁንም ለስላሳ ነው፣ መጨረሻው ላይ ቶሎ ይለቃል። የላይኛው አሁንም ድድ ይይዛል፣ ቁንዶ በርበሬው አሁንም አለ (ባለቤቴ አሁንም የለም ትላለች)። አምና አፈር ነው ያልኩት አብዛኛው የእኔና የእናቴ ሥራ ነበር። የቀረችውን ግን በአፈሩና በከፍታው መሐል ማካፈል አልቻልኩም።

ዝዋይ ያደግኩ | ሐምሌ 7

እኩል ከፍታ ላይ ሌላ ጭንጫ ፈልግና ሦስተኛ ትከል። አምስት ዓመት ብቻ ነው የሚፈጀው 😄

አደላይድ ያለችው | ሐምሌ 7

የቱን ወደድከው በመጨረሻ?

ሐረጎ ሥር | ሐምሌ 8

እሱን ልነግራችሁ ነበር የመጣሁት፣ ወሬ አስረሳኝ።

ከቅምሻው በኋላ ከሁለቱም የተረፈ ወይን በየጠርሙሱ ቀርቶ ነበር፤ ምልክት አድርጌበት ትቼው ወጣሁ። በማግስቱ ስመጣ እናቴ ጠርሙሶቹን አጥባ ደርድራለች። "ወይኑስ?" ብላት አንድ ጠርሙስ አወጣችልኝ። "ግማሽ ግማሽ ሆነው ቦታ ይይዛሉ ብዬ አንድ ላይ ገለበጥኳቸው" አለች።

ተናድጄ ቀመስኩት። የላይኛው አጥንቱን ሰጥቶታል፣ የታችኛው ሥጋውን። ከሁለቱም ይበልጣል። በጣም ይበልጣል።

አደላይድ ያለችው | ሐምሌ 8

ኤርሚታዥ ኮምቦልቻ ገባ! እናትህን ሳምልኝ። ስንት ለስንት ነው የቀላቀሉት?

ሐረጎ ሥር | ሐምሌ 8

ጠየቅኳት። "የነበረውን ነዋ" አለችኝ።